ስምንተኛው ጥራዝ

ሃያ ዘጠኝ ነበር። የኮሌጁ የፈተና ክፍል ኃላፊ ፓንግ ጣቱን በምራቁ እያረጠበ አራት ጊዜ ቆጠረው፤ አራቱንም ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ሆነ። ከ304 ቁጥር ክፍል መመለስ የነበረበት የእንግሊዝኛ ጥያቄ ጥራዝ ደግሞ ሠላሳ ነው። በየጥራዙ ጀርባ ከአንድ እስከ ሠላሳ ቁጥር ታትሞበታል። ስምንተኛው የለም።

ተራ ወረቀት ቢሆን ኖሮ አንዱ ተቆጥቶ፣ አንዱ ተሰድቦ ያልፍ ነበር። የአራተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ፈተና ግን የመንግሥት ምስጢር ነው፤ ከጠፋ የሚደወለው ለፖሊስ ነው። ስለዚህ በዚያች በረዶ ባዘለች የታኅሣሥ ቅዳሜ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ኢንስፔክተር ሉዋን ሱፋንግ ምሳዋን ጥላ ተነሣች። ባሏ የጠቀለለላት ጂያውዚ፣ ሥጋ የተሞላው ቅቅል ሊጥ፣ ገና እንፋሎቱ እየወጣ ነበር። ሦስት ብቻ በልታለች።

ሉዋን ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ለጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ያማታል። ከጉልበቷ ይልቅ የሚያማት ግን አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ሦስት ፊርማ ሲጠይቅ ነው።

«ሌባዋ ተገኝታለች» አላት ፓንግ ገና ከበሩ።

«ጥራዙስ?»

«እሱ አልተገኘም።»

«ታዲያ ሌባዋን በምን አወቃችኋት?»

«በወንበር ቁጥሯ ነዋ! ስምንተኛ ወንበር፣ ስምንተኛ ጥራዝ። ቹ ማይሱይ ትባላለች፤ ሦስተኛ ዓመት ናት። ይህን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃለች። በዚያ ላይ በመሃል ሽንት ቤት ሄዳለች፣ ኢንስፔክተር!»

«ሽንት ቤት መሄድ ማስረጃ ከሆነ እኔንም እሰሩኝ።»

ፓንግ አልሳቀም። ወፍራም፣ ላብ የማያጣው ሰው ነው፤ በብርድም ያልበዋል። የኮምፒዩተሩን መስኮት ወደ እሷ አዞረላት። ለክፍለ ሀገሩ ፈተና ጽሕፈት ቤት የሚላክ ቅጽ ነው። መሃሉ ላይ አንድ ሳጥን አለ፦ የፈጻሚው ስም።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መላክ አለበት። ባዶውን አይላክም።»

«ቢላክስ?»

«ኮምፒዩተሩ አይቀበልም።»

ሉዋን ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። «እሺ። እያንዳንዱ ልጅ ከጥራዙ ላይ ቁጥር ያለበትን ተለጣፊ ልጦ የመልስ ወረቀቱ ላይ ይለጥፋል አይደል? የልጅቷን የመልስ ወረቀት እንይ። የትኛው ጥራዝ እንደደረሳት ያኔ ይታወቃል።»

«ታሽጓል።»

«ይከፈታ።»

«መክፈት የሚችለው ክፍለ ሀገሩ ብቻ ነው።»

«ደውልላቸው።»

«ቅዳሜ ነው። ሰኞ ነው የሚገቡት።»

«ታዲያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሪፖርቱን የሚቀበለው ማነው?»

«ኮምፒዩተሩ።»

ሉዋን ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ፓንግ እዚያው ነበር። «ካሜራውስ? ክፍሉ ውስጥ ካሜራ አለ።»

«ቀርጿል፤ ጥርት አድርጎ ነው የቀረጸው። የይለፍ ቃሉን የያዘው ባለሙያ ግን የአክስቱ ልጅ ሰርግ ሄዷል። ስልኩም ተዘግቷል። ማታ ይመለሳል።»

«ከአሥራ አንድ በኋላ።»

«ከአሥራ አንድ በኋላ» አለ ፓንግ፤ ላቡን ጠረገ።

*

ልጅቷን ያስቀመጧት የበዓል ሰሌዳና የተጠቀለለ ጨርቅ የሚከመርበት ክፍል ውስጥ ነው። ማሞቂያ የለውም። ማይሱይ መዳፎቿን ከጭኗ ሥር ከታ ተቀምጣለች። ጃኬቷ የመስከረም ጃኬት ነው። እናት ያላት ልጅ በዚህ ብርድ እንዲህ አትለብስም ብላ አሰበች ሉዋን፤ ወዲያው ደግሞ፣ እናት እያላቸውም የሚለብሱ አሉ፣ የራሴ ልጅ አንዷ ናት ብላ ተናደደች።

«በልተሻል?»

«አልራበኝም፣ ኢንስፔክተር።»

ሆዷ ጮኸ። ሁለቱም ሰሙ።

ሉዋን ከካፖርቷ ኪስ የተቆላ ለውዝ የያዘ የወረቀት ከረጢት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። «እየበላሽ ንገሪኝ። ጥራዙን የት አደረግሽው?»

«ጠረጴዛዬ ላይ። ዘግቼ፣ የመልስ ወረቀቱን በላዩ ገልብጬ ወጣሁ፤ እንደተባልነው። የሰበሰቡት መምህር ያን የሚባሉት ፈታኝ ናቸው።»

«ሽንት ቤትስ?»

«ሆዴን ቆረጠኝ። ፈተና ሲሆን ሁልጊዜ ነው። ሂሳብም ሲሆን ይቆርጠኛል፤ ሂሳብ ግን አልወድቅም።»

«ከሌላ ሰው ጋር ተማክረሻል? አውጪልኝ ያለሽ አለ?»

ልጅቷ ቀና አለች። ዓይኗ ደርቋል፤ ያለቀሰችው ቀደም ብሎ መሆን አለበት። «እኔ ከአገሬ መንደር በመንግሥት ወጪ ነው የመጣሁት። ስጨርስ ተመልሼ ላስተምር ፈርሜያለሁ። የአንደኛ ክፍል ልጆች አስተማሪ ካጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የአራተኛው ክፍል አስተማሪ ናት ደርባ የምትይዛቸው። አያቴ ለመንደሩ ሁሉ፣ ማይሱይ ትመጣለች ብላ ነግራለች። ስሜ እዚያ ቅጽ ላይ ከተጻፈ ዲግሪ የለም። ዲግሪ ከሌለ እነሱም አይወስዱኝም።» ትንፋሽ ወሰደች። «ወረቀቱን ምን ላድርገው ብዬ ነው የምወስደው? ሲሰጡኝ እንኳ አልገባኝም።»

ሉዋን በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ብዙ ውሸታም ሰምታለች፤ ውሸታም ራሱን እንዲህ አያዋርድም። ግን ይሄን ሳጥን ውስጥ መጻፍ አይቻልም።

«ለውዙን ብዪ» አለች፤ በሩን ጎትታ ወጣች፤ ተመልሳ ገባችና የራሷን የአንገት ልብስ ልጅቷ ትከሻ ላይ ወረወረችው።

*

ሁለተኛዋ ፈታኝ ጁ ቲንግ የደመወዝ ክፍል ሠራተኛ ናት። የፈታኝ ቁጥር ስላነሰ ነው የጎተቷት። እንግሊዝኛ ስትሰማ ያዛጋታል።

«እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቆሜ ሁለት መቶ ቆጠርኩ።»

«ለምን ቆጠርሽ?»

«መመሪያው ነው። ከሦስት መቶ ካለፈ በር ማንኳኳት አለብኝ።»

«እጇ ላይ ምን ይዛ ገባች?»

«ሶፍት።»

«ስትወጣስ?»

«ምንም። ደግሞ ኢንስፔክተር፣ ያ ጃኬት ቀጭን ነው! ጥራዝ ብትሸጉጥ እንኳን ጥራዙ፣ የገጹ ቁጥር ይነበብ ነበር።»

ሉዋን ልትስቅ ምንም አልቀራት። «ወረቀቱን ማን አደለ?»

«መምህር ያን ቦዌን። ሸምገል ያሉት፤ የንባብ መምህር ናቸው። እኔ በሩ ላይ መታወቂያ እያየሁ ነበር። ሲያልቅ እኔ የመልስ ወረቀቱን፣ እሳቸው ጥራዙን ሰበሰብን፤ ቆጠርን። አንድ ልጅ ቀርቶብናል፤ አሥራ አንደኛ ወንበር። እንቅልፍ ጥሎት ነው አሉ፤ ምነው እኔንም በጣለኝ!»

*

ፓንግ እየሮጠ የመጣው ይሄኔ ነው። «ተገኘ! ጽዳቷ! ከረጢት ሙሉ ወረቀት ይዛለች፣ አልሰጥም ብላለች!»

አክስት ኒዩ ደረጃው ሥር ከረጢቷ ላይ ተቀምጣለች። ሰባ ሊሞላት ነው፤ ቀይ ሹራብ ለብሳለች፤ ፊቷ እንደ ደረቀ ተምር ተጨማዷል።

«ይሄ የኔ ነው» አለች። «ልጆቹ የጣሉት የኔ ነው። ከፈለጋችሁ ከነእኔ ተሸከሙት።»

«እትዬ ኒዩ» አለች ሉዋን ጎንበስ ብላ፣ «አንድ ወረቀት ጠፍቶብን ነው። ልየውና ራሴ መልሼ አጥፌ እጨምርልዎታለሁ።»

«አንቺ ታጥፊዋለሽ? ይሄ ወፍራሙ እንዳይነካው ታዲያ።»

ከረጢቱ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ረቂቅ ወረቀት፣ የወተት ካርቶን፣ የፍቅር ደብዳቤ የሚመስል ነገር፣ የተጠቀለለ ካልሲ። ሉዋን ጉልበቷ እየጮኸ ተንበርክካ አንድ በአንድ ገለጠች። ፓንግ ከላይ ሆኖ ድንገት አንድ ወረቀት ነጥቆ አወዛወዘ። «እንግሊዝኛ! ይኸው! እንግሊዝኛ ነው!»

«አንብበዋ» አለች ሉዋን።

ፓንግ አነበበ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ቀይ ሆነ።

«ምን ይላል?»

«ሩዙን... ቀድመው... ይጠቡ።»

የሩዝ ማብሰያ መመሪያ ነበር። አክስት ኒዩ እስኪያስላት ሳቀች። ሉዋን ግን ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የልጅቷን ጊዜ በሩዝ ማብሰያ በላነው አለች በልቧ። ቃሏን ግን ጠበቀች፤ ወረቀቱን ሁሉ እያጠፈች መለሰችላት።

«ደግ ነሽ» አለቻት አሮጊቷ። «ያ ሽማግሌው መምህርም ደግ ነው፤ የበላበትን ሳህን እንኳ ራሱ ነው የሚያነሳው። ዛሬ ግን አሳዘነኝ። ፈተናው እንዳለቀ ያለ ጓንት ወደ ግቢው በር ሲሮጥ አየሁት። በዚያ ዕድሜው፣ በዚህ በረዶ! ቢወድቅስ?»

*

መምህር ያን የሚኖረው በአሮጌው የመምህራን ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር የለም። ሉዋን በየፎቁ እየቆመች፣ ሕንፃውን የሠሩትን እየረገመች ወጣች።

ሰውዬው ረጅም፣ ቀጭን፣ ቤት ውስጥም ኮፍያ የማያወልቅ ነው። ጣቶቹ ቀልተው አብጠዋል። ሻይ ቀዳላት። ግድግዳው በሙሉ በወረቀት ማቀፊያ ተሞልቷል፤ በየጀርባው ዓመትና ወር ተጽፏል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የወጡ የንባብ ጥያቄዎች ናቸው፤ ውጤት ከወጣ በኋላ ከሚታተሙት የለቀማቸው። ኅዳጋቸው በቀይ ቀለም ማስታወሻ ተዥጎርጉሯል።

«ጥራዞቹን ቆጥረዋል?» አለችው።

«ቆጥሬያለሁ።»

«ከዚያስ?»

«የቆጠርኩትን ሁሉ ከረጢት ውስጥ ከትቼ አስረክቤያለሁ።»

«ሲያድሉስ የተለየ ነገር ነበር?»

«ምን የተለየ ነገር ይኖራል? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በክፍሌ ወረቀት እንዳደልኩት ነው ያደልኩት።» ሻዩን አየ። «ኢንስፔክተር፣ የልጆቹ የመልስ ወረቀት ግን ደህና ነው አይደል? ከልጆቹ የተጎዳ የለም?»

ሉዋን የተጠርጣሪ ስም ማንሳት አይፈቀድላትም። ሕጉን ታውቀዋለች። «ስለ ምርመራው መናገር አልችልም። የመልስ ወረቀቱ ታሽጎ ተቀምጧል።»

ሰውዬው ትከሻው ዘና አለ። «እንግዲያው ጥሩ ነው። ልጆቹ ብቻ ደህና ይሁኑ።» ከዚያ ሳይጠየቅ ጀመረ። «አንብቦ መረዳት ይሉታል! አራት ምርጫ ይሰጡታል፤ አንዱን ምረጥ ይሉታል። ሁለቱ ልክ ሲሆኑስ? ጎበዙ ልጅ ሁለቱንም ያያል፤ ይጨነቃል፤ ሰዓቱ ያልቅበታል፤ ይወድቃል። ሰነፉ የመጀመሪያውን ያጠቁርና ያልፋል። ይሄ ምን ይመዝናል? ይንገሩኝ፣ ምን ይመዝናል?»

«እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፣ መምህር።»

«ይሄ የእንግሊዝኛ ጉዳይ አይደለም!»

ሉዋን ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ዛሬ የተጀመረላት ምግብም መጠጥም የሚያልቅ አይመስልም። አራቱን ፎቅ ስትወርድ፣ የዚህ አገር ሰው ሁሉ የራሱን ብሶት ይዞ እኔን ብቻ ነው የሚጠብቀው እያለች ነበር።

*

ተመልሳ ስትገባ ፓንግ በሳጥኑ ውስጥ ጽፎ ጨርሷል። ቹ ማይሱይ። ጣቱ ከመላኪያው ቁልፍ አንድ ስንዝር ርቃ ቆማለች።

«እጅህን አንሳ!»

«አሥር ከሩብ ሆኗል፣ ኢንስፔክተር። ልምምድ ነው እንጂ አልላክሁም።»

«ልምምዱን በራስህ ስም አድርገው። ልጅቷን አምጡልኝ።»

ማይሱይ የሉዋንን የአንገት ልብስ እስከ አፍንጫዋ ተጠቅልላ መጣች። የለውዙን ከረጢት ይዛለች፤ ከግማሽ በላይ አልበላችም። ለነገ እያስቀመጠች ይሆናል ብላ ሉዋን በልጅቷም በራሷም ተናደደች።

«ዛሬ ያነበብሽው ጽሑፍ ስለ ምን ነው የሚያወራው?»

«ስለ... ርግብ። ርግብ የሚያረባ ሽማግሌ አለ። ከተማው ርግቦቹን አስወጣ ይለዋል። ወይም ርግቦቹ እሱን... እዚያ ጋ አልገባኝም።»

ፓንግ እጁን አጨበጨበ። «ተያዘች! ክፍሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ነው ያለው፤ እንዳይኮራረጁ። ተማሪዎቹ ሲወጡ ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ ተጋማሽ ቁጥር ያለው ጥራዝ ስለ መስታወት ፋብሪካ ነው። ርግቡ በኢተጋማሾቹ ነው። ስምንት ተጋማሽ ነው! ራሷ ያልያዘችውን ወረቀት ነው የምትናገረው። ከጓደኞቿ ሰምታ!»

«ወይም በእጇ የነበረው ስምንተኛው አልነበረም» አለች ሉዋን።

«የወንበር ሰንጠረዡ ስምንተኛው ነው ይላል። እንዲያውም እኔ እንደሚመስለኝ» ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «ስለ መስታወት አንብባ ርግብ ነው የገባት። ሁለት ጊዜ የወደቀችውም ለዚህ ነው።»

ማይሱይ ጆሮዋ ቀላ። «መስታወት አይደለም። ርግብ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። አልገባ ሲለኝ ኅዳጉ ላይ ስዬዋለሁ። የማላውቃቸውን ቃላትም በእኛ ፊደል ገምቼ ከጎናቸው ጽፌያለሁ።»

«ፓንግ» አለች ሉዋን ቀስ ብላ፣ «ሃያ ዘጠኙን ጥራዝ አራት ጊዜ ቆጥረሃል።»

«አምስት ጊዜ።»

«አንዱንስ ገልጠኸዋል?»

«ቁጥሩ ጀርባው ላይ ነው! ውስጡ ምስጢር ነው፣ ኢንስፔክተር። እንደገና አውጥቶ ለመግለጥ የሁለት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል።»

«አንተ አንድ፣ እኔ ሁለት። ብዕሬን ያዝ።»

ፈረሙ። አንድ በአንድ ተገለጠ። በእጅ የተሳለ ርግብ የለም፤ ቀጣዩም ላይ የለም፤ እዚህም የለም። አንዱ ልጅ የኳስ ቡድኑን ውጤት ጽፏል፤ ሌላው ሃያ ጊዜ «እንቅልፌ መጣ» ብሏል። ዘጠኙን ጨርሰው ቀጣዩን ሲገልጡ ፓንግ እጁ ቆመ። ኅዳጉ ላይ አንዲት ወፍራም ርግብ ቆማለች፤ ለዳክዬ ትቀርባለች። ከየቃሉ ጎን ትንንሽ የእርሳስ ፊደል ተደርድሯል፦ «ጎጆ ነው?»፣ «ከንቲባ መሰለኝ»፣ «ይሄን እንጃ»።

«የማን እጅ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ» አለች ማይሱይ።

ሉዋን ጥራዙን ገለበጠችው። አሥራ አንድ ቁጥር።

«አሥራ አንደኛው ወንበር ያልመጣው ልጅ ነው» አለ ፓንግ። አፉ ተከፈተ። «ያልመጣ ሰው እንዴት ርግብ ይስላል?»

ሉዋን የለውዙን ከረጢት ከልጅቷ እጅ ወስዳ ስድስት ፍሬ ጠረጴዛው ላይ በአንድ መስመር ደረደረች። «ይሄ ሁለተኛው ረድፍ ነው። ፓንግ፣ የወንበር ቁጥር እንዴት ነው የሚሄደው?»

«እንደ እባብ እየተጠማዘዘ። መጀመሪያው ረድፍ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከአንድ እስከ ስድስት። ሁለተኛው ከኋላ ይጀምርና ወደ ፊት ይመለሳል። በየአገሩ እንደዚህ ነው።»

«እንግዲህ ሰባት ከኋላ፣ አሥራ ሁለት ከፊት። ማይሱይ፣ ስምንተኛዋ፣ ከኋላ ሁለተኛ ናት።» አንዷን ለውዝ ነካች። «ያልመጣው፣ አሥራ አንደኛው፣ ከፊት ሁለተኛ ነው። ባዶ ወንበር።» ሌላዋን ነካች። «አሁን ወረቀት አዳዩ መጠማዘዙን ይረሳል እንበል። እንደ ክፍሉ ልማድ እያንዳንዱን ረድፍ ከፊት ይጀምራል። ሰባተኛው ጥራዝ ከፊት አንደኛ፤ ስምንተኛው ከፊት ሁለተኛ...»

«ባዶው ወንበር ላይ» አለች ማይሱይ።

«አሥራ አንደኛው ደግሞ ከኋላ ሁለተኛ። አንቺ ጋ። ስምንተኛውን አንቺ በዓይንሽም አላየሽው። ፈተናው እስኪያልቅ ማንም ያልተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነበር። ከዚያ ላይ ማንሳት የሚችለው ፈታኝ ነው። ጁ ቲንግ የመልስ ወረቀት ስትሰበስብ ጥራዙን የሰበሰበው...»

አልጨረሰችውም። የቆጠርኩትን ሁሉ ከረጢት ውስጥ ከትቻለሁ፤ እንዲህ ነበር ያላት። ሠላሳ ቆጠርኩ አላለም፤ እሷ ናት እንደዚያ የሰማችው። ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ ብሎም ጠይቋታል። ያ ሁሉ ቃል ፊቷ ተቀምጦ ነበር፤ እሷ ግን ስለ ጉልበቷ እያሰበች አልፋዋለች። እኔን ቢፈትኑኝ፣ አለች በልቧ፣ ከዚህች ልጅ እኩል ነበር የምወድቀው።

ስልኩን አነሣች።

«መምህር ያን፣ ጥራዙን ይዘው አሁኑኑ ይምጡ።»

«እሱን አልችልም» አለ። «ልኬዋለሁ።»

«ለማን?»

«ለፈተና ኮሚቴው።»

*

አሥር ሰዓት ከሠላሳ ላይ ሰውዬው አሁንም ያለ ጓንት በሩን ከፍቶ ገባ። ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ሃምሳ ሁለተኛው ጥያቄ ሁለት ልክ መልስ አለው። የፋብሪካው ባለቤት ለምን ምድጃውን አጠፋ ይላል፤ ሁለተኛው ምርጫም አራተኛው ምርጫም ጽሑፉ ውስጥ አለ! እንዲህ ያለ ጥያቄ ባየሁ ቁጥር ጽፌላቸዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ። መልሳቸው አንድ ነው፦ ማስረጃ ይያያዝ። ወረቀቱ ምስጢር ነው፤ ከየት አምጥቼ ላያይዝ? ሲታተም ደግሞ፣ ውጤት ወጥቷል፣ ጊዜው አልፏል ይሉኛል። ዛሬ ከፊቴ አንድ ወረቀት ማንም ሳይነካው ተኝቷል። ተለጣፊውን እንደ ደንቡ ልጬ ከቀሪው ልጅ የመልስ ወረቀት ላይ ለጠፍኩ። ጥራዙ ግን የማንም አልነበረም።»

«የመንግሥት ነበር!» ጮኸ ፓንግ።

«ለመንግሥት ነው የላክሁት! ስሜን፣ አድራሻዬን፣ ስልኬን ጽፌ! ሌባ አድራሻውን ይጽፋል?»

ሉዋን ግንባሯን ያዘች። ብዙ ሌባ አስራለች፤ የሰረቀውን መልሶ ለባለቤቱ በፈጣን መልእክት የሚልክ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «በየትኛው መልእክት ቤት?»

«ግቢው በር ላይ ባለው።»

ደወለች። ልጁ የቅዳሜ ዕቃ ገና አልተጫነም፣ መኪናው በአሥራ ሁለት ነው የሚመጣው አላት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጁ ቲንግ እያለከለከች ፖስታውን አመጣችው። ከአንድ ካርቶን ብርቱካንና ከሁለት ጥንድ ጫማ ሥር ነበር። እሽጉ አልተነካም። ውስጡ ስምንተኛው ጥራዝ፣ ከላዩ ደግሞ አራት ገጽ ደብዳቤ ተያይዟል።

ያኔ ነው መምህር ያን ጥግ ላይ የቆመችውን ልጅ ያየው። «ማይሱይ? አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሽማግሌው ኮምፒዩተሩን አየ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ስም አየ። ከዚያ ሉዋንን።

«እቤቴ መጥተው ሻይ ጠጥተዋል። ጠይቄዎታለሁ። ከልጆቹ የተጎዳ የለም ወይ ብዬ ጠይቄዎታለሁ! ለምን አልነገሩኝም?»

«እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም?»

«እርስዎ ስንት ቆጠሩ ብለው አልጠየቁኝም።»

«እርስዎም ማን ተይዟል ብለው አልጠየቁኝም።»

ተፋጠጡ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሁለቱም በዚያው ልክ አፈሩ። መምህሩ ኮፍያውን አወለቀ፤ ራሱ ላይ ጥቂት ነጭ ጸጉር ብቻ ነበር። ወደ ልጅቷ ዞሮ ዝቅ አለ፤ ቻይና ውስጥ መምህር ለተማሪ እንዲያ አይሰግድም። ማይሱይ ደንግጣ «ኧረ መምህር፣ ኧረ ይተዉ!» እያለች ከእሱ በታች ለመሆን ልትቀመጥ ደረሰች።

«ስሜን ጻፍ» አለ ለፓንግ። «በትክክሉ ጻፈው፤ የ‹ቦ›ውን ፊደል ሁልጊዜ ትስታለህ።»

ፓንግ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ ከብዶት ታየ። እሱም የዛሬ ሃያ ዓመት የዚህ ሰው ተማሪ ነበር። «መምህር... የጡረታ የክብር ሽኝትዎ በሰኔ ነው። ይሄ ከተላከ ሽኝት የለም። ከዚያም ሊብስ ይችላል።»

«ጥራዙ ታሽጎ ተገኝቷል፤ ማንም አላየውም» አለች ሉዋን። «ያንን እኔ ከታች እጽፈዋለሁ፤ በትልቁ እጽፈዋለሁ። ከዚያ በላይ ምንም ማድረግ አልችልም።»

«ሃምሳ ሁለተኛውን ጥያቄስ? እሱንም ቢጽፉልኝ...»

«መምህር ያን! አንድ ቃል ቢጨምሩ በእጅ ካቴና ነው የምወስድዎት!»

ፓንግ የልጅቷን ስም አጠፋ፤ የሽማግሌውን ጻፈ፤ ፊደሉን ሁለት ጊዜ አረመ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ቅጹ ሄደ። ኮምፒዩተሩ ያለ አንዳች ቅሬታ ተቀበለው።

ማይሱይ የአንገት ልብሱን አጥፋ፣ በሁለት እጇ ለሉዋን መለሰች። በሩ ጋ ደርሳ ግን ቆመች።

«ኢንስፔክተር፣ የኔ የመልስ ወረቀት... ይታረማል?»

«ይታረማል። ምን ጥፋት አለበት?»

የልጅቷ ፊት ጠቆረ።

«ምነው ደግሞ?»

«ርግቧን ስስል ሰዓቱ አለቀብኝ። ከጽሑፉ አምስት ጥያቄዎች ያነበብኩት አንዱን ነው። ሌላውን ዝም ብዬ አጠቆርኩ።»

«ማለት ትወድቂያለሽ?»

«ይመስለኛል።»

ሉዋን ግድግዳውን ደገፍ አለች። ጉልበቷ፣ ጂያውዚዋ፣ አራቱ ፎቅ፣ የሩዝ ማብሰያው ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣባት። «አራት ሰዓት ሙሉ የተሟገትኩት ለዚህ ነው? በሰላም እንድትወድቂ?»

«አዎ» አለች ማይሱይ። ፌዝ አልነበረበትም። «ለአያቴ ወደቅሁ ብዬ መደወል እችላለሁ። ሁለቴም ደውያለሁ። ትቆጣኛለች፤ ከዚያ በልተሻል ወይ ትለኛለች። ሰረቀች ብለዋል ብዬ ግን እንዴት አድርጌ እደውላለሁ?»

ሉዋን የአንገት ልብሱን መልሳ ልጅቷ አንገት ላይ ጠመጠመችው፤ ትንሽ ጠበቅ ሳታደርገውም አልቀረች።

«ሰኔ ላይ ሌላ ፈተና አለ» አለች። «አሁን ውጪልኝ። ምግብ አዳራሹ ሳይዘጋ ሂጂና ትኩስ ነገር ብዪ። ስትጨርሺ ለአያትሽ ደውዪ፤ ስትጠይቅሽ በልቻለሁ በያት፤ ደግሞ እውነቱን።»